የአድርሰኝ ሽታ

ሙላት የምትባል አገር ነበረች። የት እንደሆነች አትጠይቁኝ። ያወሩልኝ ሰዎች ሲያወሩ አንዴ ወደ ፀሐይ መውጫ፣ አንዴ ወደ ፀሐይ መግቢያ እየጠቆሙ ስለነበር በየት በኩል እንደምትገኝ ሳይገባኝ ቀረ። ብቻ ነበረች። ወንዝ ነበራት፣ ተራራ ነበራት፣ ንጉሥ ነበራት። ራብ ግን አልነበራትም። አልነበራትም ስል ሰው አይራብም ነበር ማለቴ አይደለም፤ በአዋጅ ተከልክሎ ነበር ማለቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያን ጊዜ ይገዙ የነበሩት ንጉሥ አያት፣ ጎተራው ሁሉ ሞልቶ እህል ደጅ በፈሰሰበት ደግ ዘመን፣ ከግብር ተነሥተው እጃቸውን እየታጠቡ «ከእንግዲህ በአገሬ ራብ የለም» አሉ። በሙላት ሕግ የንጉሥ ቃል መሬት አይወድቅም። ደጉ ዘመን አለፈ፤ ተናጋሪውም ንጉሥ አለፉ፤ ቃሉ ግን እንደቆመ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የራበው ሰው ለራቡ ሌላ ስም መፈለግ ግድ ሆነበት። «ዛሬ ቀለል ብሎኛል» ይላል አንዱ። «እኔንማ ከትናንት ጀምሮ ቀሎኛል» ይላል ሌላው። የባሰበት ደግሞ «ነፋስ ቢመጣ ይዞኝ ይሄዳል» ይልና ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል።

ይህን አዋጅ የሚጠብቁ ሹማምንት ብዙ ነበሩ። በሙላት ሰው ከሰው ጠዋት ሲገናኝ «እንደምን አደርክ» አይባባልም። «እንደምን ጠገብክ» ይባላል፤ መልሱም «ተርፎኝ አደርኩ» ነው። መልሱ በትክክል መባሉን ቆሞ የሚያዳምጥ ሹም በየመንደሩ አለ። መቀነት አጥብቆ መታጠቅ ነውር ነው፤ የሚያጠብቀው ሆዱ የሸሸበት ሰው ነው ተብሎ። በመቀነትና በወገብ መካከል ጣቱን እያስገባ የሚለካ ሹምም አለ። በየሳምንቱ የአደባባይ ጉባኤ ሲያበቃ ደግሞ ሕዝቡ በአንድነት ያገሣል። ግሣቱን የሚያስጀምረው ሊቀ ግሣት ይባላል፤ በዚያን ዘመን ደግፌ የሚባሉ ድምፀ ነጎድጓድ ሽማግሌ ነበሩ። የሁሉም የበላይ ሊቀ ጥጋብ ቸኮል ነው። ቸኮል በተፈጥሮው ቀጭን ሰው ነበር፤ ነገር ግን ማዕረጉ ስለሚያስገድደው ከቀሚሱ ሥር ትራስ አስሮ ነበር የሚዞረው። ትራሱን ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ሁሉም ሰው ግን ሆድ ነው እያለ እጅ ይነሣል።

በዚህች አገር ተዳፋት ላይ አንዲት ትንሽ የዱር ተክል ትበቅል ነበር። ከመሬት በታች የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል፣ ሐምራዊ ልጣጭ የለበሰች ነጭ ራስ አለቻት፣ እንደ ሽንኩርት ያለች። ከመሬት በላይ እንደ ክር የቀጠኑ አረንጓዴ ቅጠሎች። የሚዘራት የለም፣ የሚያርማት የለም። የመጀመሪያዋ ካፊያ ጠብ ስትል፣ ሌላው ሣር ገና ተኝቶ ሳለ፣ እሷ ብቅ ትላለች። ራሷ መራራ ናትና አትበላም። ቅጠሏ ግን ተቆርጦ በጨው ውኃ ለብ ሲደረግ ነፍስ ይመልሳል። ራሷ መሬት ውስጥ እስከቀረች ድረስ ቢቆርጧት ደግማ ታቆጠቁጣለች። ሕዝቡ «አድርሰኝ» ይላታል፤ ካለቀው እህል እስከሚመጣው እህል ድረስ ሰውን ይዛ የምታደርሰው እሷ ነበረችና።

አንድ ጠባይ ብቻ ነበራት፤ ትሸታለች። ነጭ ሽንኩርት ከረጠበ አፈር ጋር አብሮ የተወቀጠ ይመስል። የበላት ሰው አፉን ቢጉመጠመጥ፣ ጤና አዳም ቢያኝክ፣ ያች ሽታ አትለቀውም። ይህን አንድ ብልህ ሹም አስተዋለና ለአያት ንጉሡ በስተርጅናቸው ነገራቸው። የጠገበ ሰው የተዳፋት ሣር አይበላም። የበላ ሰው ራብ አለ እያለ ነው። ራብ አለ ያለ ደግሞ የንጉሥን ቃል መሬት ጥሏል። በገበያው፣ በችሎቱ፣ በወፍጮው መግቢያ ሁሉ በር ተሠራ፤ በየበሩም አፍ አሽታች ተቀመጠ። መንገደኛው ቀርቦ አፉን ይከፍትና «ሃ» ይላል። አሽታቹ ወይ «ንጹሕ» ይላል፣ ወይ «ይሸታል» ይላል።

«ይሸታል» የተባለ ማጥገቢያ ቤት ይገባል። ለሚሰማው ሰው ሕጉ ርኅራኄ የተሞላበት ነው። ለፋፊ በሩ ላይ ቆሞ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ይላል፦ «የሸተተ ሰው ሽታው እስኪለቀው ከንጉሥ ጎተራ ይብላ፤ ሳይጠግብም አይውጣ።» በሩ ከተዘጋ በኋላ ግን አንድ እፍኝ የተቆላ ገብስ ይወረወርለታል፤ እሷን ቆርጥሞ ሲጨርስ «ጠገብክ?» ይባላል። «ጠገብኩ» እስኪል ሌላ አይመጣለትም፤ ካለ ደግሞ ይወጣል። ሲወጣ መሬቱ ለሌላ ተሰጥቶ ይጠብቀዋል። ከመሬቱ የባሰው ደግሞ ስሙ ነበር። «ራብተኛ» ይሉታል። የራብተኛ ልጅ ባል አታገኝም፤ ራብተኛ ከሽማግሌ ጋር አይቀመጥም። ሰዉ ከማጥገቢያው ቤት ይልቅ ይህን ስም ይፈራ ነበር።

በገበያው በር ላይ የምትቀመጠው አፍ አሽታች ዘርፌ ትባላለች። ባሏ ከሞተባት ብዙም ሳይቆይ ነው የተሾመችው። አፍንጫዋ የታወቀ ነበር፤ ሰው ገና በሩ ጋ ሳይደርስ ምን በልቶ እንደመጣ ትናገራለች ይባልላት ነበር። ሹመት በሙላት እምቢ አይባልም፤ እምቢ ያለ ሰው ሆዱን ያምመዋል ማለት ነው፤ ሆዱን ያመመው ደግሞ ይመረመራል።

የመጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ተቀምጣ ሳለ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ቀረበች። አፏን ስትከፍት አድርሰኝ ከሩቅ ሸተተ። ሴትዮዋ የሚሆነውን አውቃ ዓይኗን ጨፍናለች። ዘርፌ «ይሸታል» ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ቃል ግን «ንጹሕ ናት» የሚል ሆነ። ሴትዮዋ ዓይኗን ገልጣ አየቻትና አለፈች። ከኋላዋ የነበረውም ሰው ይሸት ነበር። እሱም ንጹሕ ሆነ።

እንዲህ እያለች ዘለቀች። ወሬው በጆሮ በጆሮ ሄደና ከሩቅ ያለ ሰው ሁሉ በዘርፌ በር ለመግባት ይዞር ጀመር። ማታ ቤቷ ስትገባ ደጃፏ ላይ አንዳንዴ ጥጥ፣ አንዳንዴ እንጨት ተቀምጦ ታገኛለች፤ ማን እንዳስቀመጠው አይታወቅም። ደስ ይላት ነበር። ሌሎቹም አሽታቾች፣ ሰው ማሳሰር የሰለቻቸው፣ እያዩዋት እንደ እሷ «ንጹሕ» ማለት ለመዱ። ሊቀ ጥጋብ ቸኮልም በበሩ ሽታ የተገኘበት ሰው እንደሌለ ሲሰማ የአሽታቾች አለቃ አድርጎ ሾማት።

ከዚያ ክፉው ዓመት መጣ። ክረምቱ ዘግይቶ መጥቶ ቶሎ ሄደ፤ ማሽላው ሳይዘረዝር ደረቀ። ሰው ያለችውን ጨረሰ። በልግ ላይ ጥቂት ካፊያ ስትጥል አድርሰኝ ብቅ አለች፤ አገሩ በሙሉ፣ አንዱ ከአንዱ እየተደበቀ፣ ወደ ተዳፋቱ ወጣ። በበሮቹ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ይሸት ነበር። ገበሬው፣ ሸማኔው፣ ቄሱ፣ ወታደሩ ሳይቀር። ዘርፌም «ንጹሕ፣ ንጹሕ፣ ንጹሕ» ስትል ትውላለች፤ ቤቷም ገብታ እሷው ራሷ አድርሰኝ ቀቅላ ትበላለች።

አንድ ቀን ቸኮል ትራሱን በሁለት እጁ ደግፎ እየሳቀ ወደ በሩ መጣ።

«ዘርፌ፣ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ» አላት። «በዚህ ደረቅ ዓመት እንኳ በአንድም በር አንድም የሸተተ ሰው አልተገኘም። ይህን ለንጉሡ ባቀርብላቸው ከደስታ ብዛት ዙፋናቸው ላይ መቀመጥ አቃታቸው። እንዲህ የጠገበ ሕዝብ ካለኝ ጎተራው ውስጥ ያለው እህል ለምን ይነቅዛል አሉ።»

«ምን ሊያደርጉት ነው ታዲያ?» አለች ዘርፌ።

«ለማዶው ንጉሥ በስጦታ ሊልኩት ነው። ያ ሰውዬ ሙላት ምን ያህል እንደሞላች ይወቅ። በቅሎዎቹ እየተሰበሰቡ ነው። በጥጋብ በዓል ቀን ይጫናሉ፤ አንቺ በንጉሡ ፊት ሕዝቡን ታሸቻለሽ፤ ንጹሕ ነው ትያለሽ፤ በቅሎዎቹም ይነሣሉ።»

«ሁሉም እህል ነው የሚሄደው?»

«ስጦታ ማጓደል ያሳፍራል» አለና ሄደ።

ዘርፌ በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ያ እህል ለክፉ ቀን ተብሎ ከየገበሬው አውድማ የተሰበሰበ እህል ነበር። ሰዎች እየቀረቡ «ሃ» ይሏታል፤ እሷ ግን ሳታሸት በእጇ እለፉ ትላለች።

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ወደ ተዳፋቱ ወጣች። የሟች ባሏ ታላቅ እህት ማንያህልሻል እዚያ ጎንበስ ብላ አድርሰኝ ትለቅማለች። ማንያህልሻል ባሏ አየነው በሌላ በር ተይዞ ማጥገቢያ ቤት ገብቶባት፣ ከወጣ በኋላ ከቤት ሳይወጣ የሞተባት ሴት ናት። ልጇ ደግሞ ገና ጨቅላ ነበረች፤ የእናቲቱ ጡት ግን ወተት አልያዘም።

«እትዬ፣ ከነራሱ ነው እንዴ የምትነቅዪው?» አለቻት ዘርፌ።

«ምን ላድርግ። እኔ ቆርጬ ብተወው ከኋላዬ የሚመጣው ይነቅለዋል።» ቀና ብላ አፈር በነካው እጇ ወደ ማዶ ጠቆመች። «ያ ወገብ ይታይሻል? አምና አረንጓዴ ነበር። ዘንድሮ አፈሩ ብቻ ነው የቀረው። ይህም ሲያልቅ ምን እንደምንበላ እንጃ።»

«እህሉ ሊሄድ ነው» አለች ዘርፌ።

«የት?»

«ከተራራው ማዶ። ተርፎናል ተብሎ በስጦታ። በጥጋብ በዓል ቀን፣ ሕዝቡን በንጉሡ ፊት አሽትቼ ንጹሕ ነው ስል ይጫናል።»

«ተርፎናል ያለ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ማንያህልሻል የያዘችውን ቅጠል መሬት አስቀመጠችና ተቀመጠች። ዘርፌም አጠገቧ ተቀመጠች።

«በየቀኑ ንጹሕ ያልኩት ሰው ሁሉ ለንጉሡ ጠግቧል ማለት ነበር» አለች ዘርፌ። «አንድ አንዱን ሳድን ቆይቼ ሁላችሁንም አንድ ላይ ሰጠኋችሁ።»

«አንቺ ባትኖሪ እኔም እንደ አየነው በሆንኩ ነበር። ራስሽን አትብዪ» አለች ማንያህልሻል። ቆየት ብላ ደግሞ «ያን ቀን ይሸታል ብትዪስ?»

«መጀመሪያ የቀረበው ሰው ይታሰራል። ሁለተኛውም ይታሰራል። ከዚያ እኔን አንሥተው ንጹሕ የሚል ሌላ ሰው ያቆማሉ።»

ማንያህልሻል አፈሩን በጣቷ ትቆፍር ጀመር። «አየነው እዚያ ገብቶ በነበረ ጊዜ» አለች፣ «ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ እቆም ነበር። ለፋፊው የሚለውን በቃሌ ይዤዋለሁ። የሸተተ ሰው ሽታው እስኪለቀው ከንጉሥ ጎተራ ይብላ፤ ሳይጠግብም አይውጣ። ስንት ሰው ነው ይህ የሚባለው?»

«ስንት ሰው ማለት?»

«የሸተተ ሰው ነው የሚለው። አንድ ሰው አይልም፤ አሥር ሰው አይልም።»

ዘርፌ ዞር ብላ አየቻት።

«የአገሩ ሰው በሙሉ ቢሸት» አለች ማንያህልሻል፣ «የአገሩ ሰው በሙሉ ከንጉሥ ጎተራ ይበላል። እኔ ያልኩት አይደለም። እነሱ ያሉት ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች ወንፊት ለመዋስ፣ እሳት ለመጫር እያሉ በቀን ከቤት ቤት ይዞሩ ጀመር። ሥራው ቀላል አልነበረም። ሰው እስር ይፈራል ብለው ነበር የሄዱት፤ የገጠማቸው ግን ሌላ ነበር። ወርቅነህ የሚባል ገበሬ ከበሩ አላስገባቸውም።

«ቤቴ ድረስ መጥታችሁ በአደባባይ ራብተኛ ነኝ በል ትሉኛላችሁ?» አላቸው። «ለመዳር የደረሰች ልጅ አለችኝ። ማን ያገባልኛል ከዚያ በኋላ?»

«ልትድራት ያሰብከው ለማን ነው?» አለችው ዘርፌ።

ስሙን ነገራት።

«የእሱን አፍ አውቀዋለሁ» አለች። «ትናንትም በእኔ በር አልፏል። አባቱም አልፏል። ለሽምግልና የመጡልህም ሰዎች አልፈዋል። አድርሰኝ ያልሸተተኝ አፍ ካመጣህልኝ እዚሁ ደጃፍህ ላይ ተቀምጬ በሰው ፊት አድርሰኝ ልብላ።»

ወርቅነህ አፈጠጠባት። «ባለጸጋዎቹም?»

«ባለጸጋዎቹም።»

«እኔ ቤቴን ዘግቼ ነው የምበላው» አለ ቀስ ብሎ።

«ሁሉም ቤቱን ዘግቶ ነው የሚበላው።»

ወርቅነህ ሳይፈልግ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን ጠረገና ከመንገዱ ዞር አለላቸው። ዘርፌ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት። በሙላት እያንዳንዱ ሰው የሚርበው እሱ ብቻ ይመስለው ነበር። አንዱ የሌላውን «ተርፎኝ አደርኩ» እያመነ፣ የራሱን ግን እያወቀ፣ አገሩ በሙሉ ተደባብቆ ይኖር ነበር። እውነቱን ከሁሉ አብልጣ የምታውቀው እሷ ነበረች፤ ሁሉንም ያሸተተች እሷ ናትና። ስለዚህ በየሄደችበት ስም ሳትጠራ የምታውቀውን ተናገረች። ሰዎች በመጀመሪያ ይደነግጣሉ፤ ቀጥሎ የተሸከሙትን ያወረዱ ያህል ወገባቸው ይቃናል።

ወደ አንድ ሰው ብቻ ፈርተው አልሄዱም ነበር፤ እሳቸውም ሊቀ ግሣት ደግፌ ናቸው። ሹም ናቸዋ። አንድ ቀን ግን ወደ ገበያው ሲገቡ ከዘርፌ ፊት ቆመው «ሃ» አሉ። ዘርፌ እንደ ልማዷ «ንጹሕ» ብላ ማሳለፍ ትችል ነበር። ጠጋ ብላ «ሊቀ ግሣት፣ ይሸታሉ» አለቻቸው በለሆሳስ።

ሽማግሌው ዙሪያቸውን አዩ። «አውቃለሁ ልጄ» አሉ። «በባዶ ሆድ ማግሣት እንዴት ያለ ሥራ እንደሆነ ባየሽ። አየር እየዋጥኩ፣ አየር እየዋጥኩ፣ ጉሮሮዬ ቆሰለ። የምታደርጉትንም ሰምቻለሁ። ስትጀምሩ እኔን ከፊት አድርጉኝ።»

የጥጋብ በዓል ደረሰ። ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ሕዝቡ ተሰበሰበ። በሜዳው ባንድ ወገን በቅሎዎቹ ጆንያ ተጭነው በረድፍ ቆመዋል፤ የጎተራው አዛዥ አዳሙ የተባለ፣ ከሕግ ቃል ዝንፍ የማይል ሰው፣ ከፊታቸው ቆሟል። በሌላው ወገን ማጥገቢያው ቤት ከነግንቡ አለ። በመካከል ንጉሡ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጠዋል። ቸኮል ለበዓሉ ብሎ ትራሱን ሁለት አድርጎ ነበር።

እንደ ሥርዓቱ ግሣቱ ይቀድማል። ሊቀ ግሣት ደግፌ ወደ መድረኩ ወጡ። ሕዝቡ ትንፋሹን ሰብስቦ ይጠብቃል። ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልወጣም። እንደገና ከፈቱ። ቸኮል ከጎናቸው ሆኖ በክርኑ ነካ አደረጋቸው።

«አልመጣም» አሉ ደግፌ። በዚያ ነጎድጓድ ድምፃቸው ደግሞ ቀጠሉ፤ «ርቦኛል።»

ያ ቃል በአደባባይ ከተሰማ ትውልድ አልፎት ነበር። ልጆች ምን ማለት እንደሆነ እናቶቻቸውን ጠየቁ። ቸኮል ፊቱ ተለዋወጠ፤ ግን ቶሎ ብሎ «ሊቀ ግሣት አርጅተዋል፤ ወደ ማሽተቱ እንለፍ» አለና ዘርፌን በእጁ ጠራት።

ከሕዝቡ ፊት የቆመችው ማንያህልሻል ነበረች። ሽታው ጎልቶ እንዲሰማ ጠዋት ቅጠሉን በጥሬው አኝካ ነው የመጣችው። «ሃ» አለች። ዘርፌ ጠጋ ብላ አሸተተቻት። ከዚህ በኋላ መመለሻ እንደሌለ ታውቃለች።

«ትሸታለች» አለች።

 ወርቅነህ ከልጁ ጋር ቀረበ። «ይሸታል። እሷም ትሸታለች።» ሸማኔው ቀረበ፣ ቄሱ ቀረቡ። «ይሸታል። ይሸታሉ።»

ቸኮል ጆሮዋ ሥር ገብቶ «ምን ነካሽ? አፍንጫሽ ተደፍኗል?» አላት።

«እንደ ዛሬ ተከፍቶ አያውቅም» አለችው።

«ሌሎች አሽታቾች» ብሎ ጮኸ ቸኮል። ዘርፌ አስቀድማ ያነጋገረቻቸው የየበሩ አሽታቾች ወጡና ሕዝቡ መካከል ገቡ። ከግራም «ይሸታል» ተሰማ፤ ከቀኝም «ይሸታል» ተሰማ። ቸኮልም ሁልጊዜ የሚለውን አለ፤ «የሸተተውን ሁሉ ወደ ማጥገቢያ ቤት።»

ወታደሮቹ ጦራቸውን አንሥተው ወደ ፊት ሲሄዱ ዘርፌ ከፊት ወዳለው ቀረበችና አፉን እንዲከፍት በዓይኗ ጠየቀችው። ልማድ ሆኖበት ከፈተው። «ይኸም ይሸታል» አለች። ወታደሩ ጦሩን ዝቅ አድርጎ ከሕዝቡ ጋር ቆመ። የሚያስገድድ ሳይኖር ሕዝቡ ራሱ ወደ ማጥገቢያው ቤት ጉዞ ጀመረ። ግንቡ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ገቡ፤ ሞላ። የቀሩት በሩ ላይ ቆሙ፤ ከዚያ ሜዳው ላይ ተቀመጡ። ለፋፊውም ደንግጦ፣ ሰው ሲገባ የሚለውን ብቻ ስለሚያውቅ፣ እሱኑ ጮክ ብሎ አለው፤ «የሸተተ ሰው ሽታው እስኪለቀው ከንጉሥ ጎተራ ይብላ፤ ሳይጠግብም አይውጣ።»

የጎተራው አዛዥ አዳሙ ይህን ሰምቶ ወደ በቅሎዎቹ ዞረ። «እህሉ አይንቀሳቀስም» አለ። «የሚበሉት መጥተዋል።»

«ይህ የንጉሥ ስጦታ ነው» አለ ቸኮል።

«ያ ደግሞ የንጉሥ ሕግ ነው» አለ አዳሙ። «በሁለቱ መካከል እኔ አልፈርድም።»

መጋረጃው ተገለጠ። ንጉሡ ቀይ ካባ የለበሱ፣ ጠና ያሉ፣ ዓይናቸው ብርሃኑን እስኪለምድ ጠበብ የሚል ሰው ነበሩ። ሕዝባቸውን ያለ መጋረጃ አይተው አያውቁም ነበር። ዘርፌን ወደ እሳቸው ጠሯት።

«አንቺ ነሽ የአሽታቾቹ አለቃ?»

«እኔ ነኝ ንጉሥ ሆይ።»

«ስለዚህ ሕዝብ እስከ ዛሬ ንጹሕ ነው ስትዪኝ ኖረሻል።»

«ዋሽቻለሁ። ከመታሰር ያዳንኳቸው መስሎኝ ነበር። ቅጣቱን ለመቀበል ነው የቆምኩት።»

«እና ይህ ሁሉ ሕዝብ የአያቴን ቃል መሬት ጣለው?»

«አልጣሉትም» አለች ዘርፌ።  «አያትዎ ሁለት ቃል ነው የተናገሩት። በአገሬ ራብ የለም ብለዋል። የሸተተ ሰው ከጎተራዬ ይብላ ብለዋል። ሁለተኛው ቀርቶ የመጀመሪያው ብቻ ሲነገር ስለኖረ ነው ውሸት ሆኖ የቀረው። ዛሬ እህሉ ቢራገፍ ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ እውነት ይሆናል።»

ንጉሡ ወደ ተጫኑት በቅሎዎች ተመለከቱ። ቸኮል የሆነ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት በእጃቸው ከለከሉት።

«ሽታው ምን ዓይነት ነው?» ብለው ጠየቋት።

«እኔም በልቻለሁ» አለች።

ንጉሡ ከመቀመጫቸው ጎንበስ አሉ። «ሃ በይ» አሏት።

ዘርፌ ከተሾመች ወዲህ ለሌላ ሰው «ሃ» ብላ አታውቅም ነበር። አፏን ከፍታ ተነፈሰች። ንጉሡ አሸተቱ። ፊታቸው ላይ መጀመሪያ መገረም መጣ፤ ቀጥሎ ስሙ የማይታወቅ ሐዘን መጣ። ቀና ብለው በሜዳው ላይ የተቀመጠውን ሕዝብ ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«ይሸታል» አሉ። ከዚያም ወደ አዳሙ ዞረው «አራግፍ» አሉት።

ጆንያዎቹ ሲወርዱ የተሰማው ድምፅ ከሁሉም ግሣት ይበልጥ ነበር። ድስት ያለው ድስት አመጣ፤ እንጨት ያለው እንጨት አመጣ። ሜዳው በሙሉ ማጥገቢያ ቤት ሆነ። ቸኮል ማራገፉን ለማስቆም ሲሮጥ ትራሶቹ ተፈተው ወደቁ፤ ማንያህልሻል አንሥታ አቧራውን አራገፈችና አራስ ልጇን አስተኛችባቸው። እሱም ቀጭን ሆኖ ጥቂት ከቆመ በኋላ ከሰልፉ መጨረሻ ገባ። ማንም አልከለከለውም። ሊቀ ግሣት ደግፌ የበሰለ ስንዴ በእጃቸው እየበሉ ያለቅሱ ነበር፤ ሲጠግቡም፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ወርቅነህና ሰፈሩ በሙሉ ዞሮ እስኪያይ ድረስ አገሡ። ሕዝቡ እንዲያ ያለ ሳቅ ስቆ አያውቅም ነበር።

እህሉ እስከሚቀጥለው መኸር አደረሳቸው። ተዳፋቱ አረፈ፤ አፈር ውስጥ የቀሩት ራሶች ክረምት ሲገባ አቆጠቆጡ። የበሮቹ ሳንቃ ተነቅሎ ለማገዶ ሆነ። ዘርፌ ላይ ንጉሡ የፈረዱት ፍርድ ግን አስገራሚ ነበር፤ ሹመቷን እንዳትለቅ አዘዟት። በር ላይ ተቀምጣ ሰው አትጠብቅም፤ እህል የተጫነ በቅሎ ከኋላዋ እየተከተላት ከመንደር መንደር ትዞራለች። የሸተተ ቤት ስታገኝ ትቆማለች።

በቀጣዩ ዓመት ሰዉ ገና ከሩቅ ሲያያት አፉን ከፍቶ ይመጣ ጀመር። ወርቅነህማ አንድ ቀን ጠግቦ በልቶ ከላዩ አድርሰኝ አኝኮ ቀረባትና «ሃ» አላት። አሸተተችና «ከአድርሰኙ ሥር የምስር ወጥ አለ» ብላ አሳለፈችው፤ ልጁ በሰርጓ ሰሞን ይህን እያወራች ታስቅ ነበር።

በበጋው መጨረሻ ዘርፌ የበሮቹ መነቀል ገና ወዳልተሰማበት አንድ ቆላ መንደር ወረደች። ከዳር ባለች ጎጆ አንድ ሽማግሌ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። አፍ አሽታች መጣች ሲባሉ ተነሥተው ለመግባት ሞከሩ፤ አቃታቸው። በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። ዘርፌ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አይዞዎት አባቴ» አለቻቸው። «ይተንፍሱ።»

ሽማግሌው ፊቷን ብዙ ጊዜ መረመሩት። ከዚያ ጋቢውን ቀስ ብለው አወረዱና ተነፈሱ። ዘርፌ ወደ በቅሎ ነጂው ዞር አለች።

«ጆንያውን እዚህ አውርድ» አለችው።